የማይሰበር ዘንግ፤ ስለ ትልልቅ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አመራረጥ

በደባርቅ የሚኖር ተማሪ ስለ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቢጽፍ አንባቢው «ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» ብሎ መሳቁ አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከደጃችን ያለው የሊማሊሞ ገደል እንጂ ወደብ አይደለም። ዓሣም ቢኾን ከጎርጎራ በኩል ተጭኖ ካልመጣ በቀር ብዙዎቻችን በመጽሐፍ ሥዕል ካልኾነ አናውቀውም። አገራችንም ራሷ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም።

ይኹን እንጂ ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለ መጣ ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲ ከሁለት ያገሩ ልጆች ጋራ በአንዲት ጀልባ ላይ ይሠራል። ጀልባይቱ የሌላ ሰው ናት፤ ሥራዋም ዓሣ ለማደን የሚመጡ እንግዶችን ማመላለስ ነው። በዕረፍት ቀናቸው ግን ሦስቱ ለራሳቸው ያጠምዳሉ፤ ያጠመዱትንም ይሸጣሉ። ለዚሁ ብለው በዕቁብ ገንዘብ አንድ ዘንግ ከነማጠንጠኛው ገዝተው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከማጠንጠኛው በታች ተቀነጠሰ። ዓሣው የዘንጉን ላይኛ ክፍል፣ ማጠንጠኛውንና ክሩን ሁሉ ይዞ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ በወንድሜ እጅ የቀረው አንድ ክንድ የማይሞላ እጀታ ብቻ ነው። አሁን ዕቁቡ ዳግመኛ ደርሷቸዋል። ወንድም ጋሼ ስልክ ደውሎ፦ «አንተ ፊዚክስ ትማራለህ፤ የማይሰበረው የቱ እንደ ኾነ መርምረህ ንገረኝ። ይኸኛውም ከሄደ ሦስታችንም ተመልሰን ሸክም ነው የምንገባው» አለኝ። እንግዲህ ለሱ ብዬ ያነበብሁትንና ያሰላሁትን ነው ለመጽሔታችን አንባቢዎች የማቀርበው። ዓሣ የማያጠምድ ሰውም ቢኾን ዱላ ይይዛልና ከጥቂቱ ይጠቀምበት ይኾናል።

አስቀድሞ አጠማመዱን እንይ። ትልልቆቹ የባሕር ዓሦች፣ ማለት ቱና፣ በጀርባው እንደ ሸራ ያለ ክንፍ የሚዘረጋው ሴይልፊሽና አፉ እንደ ጦር የሾለው ማርሊን፣ በጠረፍ አካባቢ ተቀምጠው አይጠብቁም፤ በክፍት ባሕር ላይ ሲዘዋወሩ የሚውሉ ናቸው። ስለዚህ አጥማጁ ጀልባውን በሰዓት ከ11 እስከ 17 ኪሎ ሜትር በሚኾን ፍጥነት እየነዳ፣ ከኋላው መንጠቆ የተሰወረበት ሐሰተኛ ዓሣ በረጅም ክር ያስጎትታል። ዘንጉ በጀልባው ጎን በተተከለ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ዓሣው ትንሿ ዓሣ የምትሸሽ መስሎት ሲዘልባት፣ የጀልባው ፍጥነትና የዓሣው ፍጥነት ባንድ ቅጽበት በዘንጉ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ዘንግ የሚፈተነው በዚያች ቅጽበትና ከዚያ በኋላ በሚመጣው ረጅም ትግል ነው።

የትግሉን መጠን ለመገመት አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1953 አልፍሬድ ግላሴል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ አገር በካቦ ብላንኮ አጠገብ 707 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን በዘንግ ይዟል፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሻረም። የኛ አገር ትልቅ ዓሣ በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ እንዲሁም በጋምቤላ በባሮ ወንዝ የሚገኘው ነጭ ዓሣ ነው። ከዚሁ ዘር በግብፅ በናስር ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000 በዘንግ የተያዘው 104 ኪሎ መዝኗል። ጣናችን ግን ነጭ ዓሣ የለውም፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍምና። የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ የሚይዙት ብልጫና አምባዛ፣ ቆረሶም፣ እንደዚህ ያለ ዘንግ አያስፈልጋቸውም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዘንግ ዓሣውን የሚያነሣ ይመስለዋል። 100 ኪሎ ዓሣ በዘንግ አንሥቶ ጀልባ ላይ የሚጥል ጉልበተኛ የለም። ዓሣውን የሚያደክመው ሪል በሚባለው ማጠንጠኛ ውስጥ ያለው ፍሬን ነው። ዓሣው ከተወሰነው መጠን በላይ ሲጎትት ፍሬኑ እየተንሸራተተ ክር ይለቅለታል፤ ዓሣው ግን የሚለቀቅለትን እያንዳንዱን ሜትር በጉልበቱ ይገዛል። የዘንጉ ተግባር ሌላ ነው። አንደኛ፣ ዓሣው ራሱን ሲነቀንቅ እየጎበጠና እየተቃና ክሩን ሁልጊዜ ውጥር አድርጎ ይይዛል፤ ክር ከላላ መንጠቆ ይወልቃልና። ሁለተኛ፣ ድንገተኛው ምት ክሩን እንዳይበጥሰው ይቀበልለታል። ሦስተኛ፣ አጥማጁ ዘንጉን ከፍ ዝቅ እያደረገ ክር እንዲጠቀልል ያግዘዋል። ስለዚህ ጥሩ ዘንግ የሚጎብጥ ዘንግ ነው እንጂ እንደ ብረት ምሰሶ ንቅንቅ የማይል አይደለም።

ይህን ለመረዳት ከዱላ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በደባርቅና በዳባት ገበያ የዱላ እንጨት የሚመርጥ ሽማግሌ አይታችሁ ከኾነ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። አያቴ ዱላ ሲመርጡ መጀመሪያ እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩታል፤ ይህ መቃናቱን ብቻ ሳይኾን የእንጨቱ መሥመር ወደ ጎን ወጥቶ መጠምዘዝ አለመጠምዘዙን ለማየት ነው። መሥመሩ እንደ ፈትል ከላይ እስከ ታች ያልተቋረጠ እንደ ኾነ ይይዙታል፤ ወደ ጎን የወጣ እንደ ኾነ ይመልሱታል፤ በዚያ በኩል ይቀነጠሳልና። ቀጥለው ቁርጭምጭሚት፣ ማለት ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ፣ መኖሩን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ በድንጋይ ላይ ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉትና ድምፁን ይሰማሉ፤ ጤነኛ እንጨት ይጮኻል፤ ውስጡን የሰነጠቀው ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ዱብ ይላል። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ተክለው ደረታቸውን ጫን በማድረግ ያጎብጡታል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ካልተመለሰ «ይኼ ሰነፍ ነው» ይላሉ።

እንጨቱም በዓይነቱ ይለያያል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ጭንጫ ላይ ቀስ ብሎ ያደገውን ይመርጡታል። ክትክታ ቀጠን ብሎ ለእረኛ ይመቻል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ነገር ግን በሚገባ ካልደረቀ ይጣመማል፤ ከደረቀም በኋላ ሳይታሰብ ጠሽ ይላል። የስሜኑ ጅብራ ቁመቱ ያምራል እንጂ ውስጡ ቡፍ ነው፤ ለዱላ አይኾንም። ከሊማሊሞ ወርደን በዛሪማ በኩል ወደ ዓዲ አርቃይ ስንሄድ ደግሞ የቆላ ቀርከሃ አገር ውስጥ እንገባለን፤ አርቃይ በትግርኛ ቀርከሃ ማለት ነውና የከተማዋ ስም ራሱ ይመሰክራል። የቆላው ቀርከሃ ከደጋው የሚለየው ውስጡ ድፍን ወይም ድፍን ለመኾን የቀረበ በመኾኑ ነው። እረኞች ሽመል ብለው የሚይዙት ይህንኑ ነው። ቀርከሃ ሲሰበር እንኳ እንደ ባሕር ዛፍ ለሁለት ተቆርጦ አይወድቅም፤ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይንጠለጠላል እንጂ። ይህ ጠባዩ ለዓሣ ዘንግ ሥራ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

አሁን ዱላው ለምን እንደሚሰበር እንመልከት። ዘንግ ሲጎብጥ በውጭው ጀርባ ያለው ሥር ይለጠጣል፤ በውስጠኛው ሆድ ያለው ይጨመቃል፤ መካከሉ ግን አይለጠጥም፣ አይጨመቅም፤ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጭነቱን የሚሸከመው እንግዲህ የውጭው ቅርፊት ነው። የገብስ አገዳ፣ የወፍ አጥንትና የደጋ ቀርከሃ ባዶ ኾነው ሳለ የማይሰበሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈጣሪ ሥራ ፈቱን መካከል አውጥቶ ለውጩ ሰጥቶታል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የአንድ ክብ ድፍን ዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ ሳይኾን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ውፍረቱ የጨመረው ሩብ ያህል ብቻ ሲኾን ጥንካሬው እጥፍ ሊኾን ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከእጀታው አጠገብ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰስት ፋብሪካ ብዙ ነገር ነው የሚሰስተው።

ሁለተኛው የርዝመት ጉዳይ ነው፤ በዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ረጅም ዘንግ ለትልቅ ዓሣ የሚሻል ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዘንግ መፈንቀያ ነው፤ ያውም ለዓሣው የሚያግዝ መፈንቀያ! አጥማጁ የዘንጉን ታችኛ ጫፍ በወገቡ ቀበቶ ላይ አሳርፎ፣ ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ በእጁ ያነሣል እንበል። ክሩ 8 ኪሎ ቢጎትትና የዘንጉ ጫፍ ከወገቡ በአግድም 1.5 ሜትር ቢርቅ፣ 8 በ1.5 ተባዝቶ 12 ይኾናል፤ ይህንንም ለግማሽ ሜትር ብናካፍለው የሰውየው እጅ 24 ኪሎ መሸከም አለበት። ዘንጉ አጭር ኾኖ ጫፉ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ቢኾን ግን 16 ኪሎ ብቻ ይበቃዋል። ዓሣው የሚጎተተው ያው በ8 ኪሎ ነው፤ ልዩነቱ የሰውየው ወገብና የዘንጉ ሥር የሚሸከሙት ነው። ስለዚህ በወንበር ታስሮ የሚያጠምድ ሰው 7 ጫማ፣ ማለት ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዘንግ ይይዛል፤ ቆሞ የሚታገል ግን 5 ጫማ ተኩል ወይም 6 ጫማ ይበቃዋል። የወንድም ጋሼ ጀልባ የትግል ወንበር የላትም። ለሱ አጭሩ ነው የሚኾነው፤ ሻጩ ረጅሙን እያሞገሰ ዋጋ ቢጨምርበት አይስማው።

ዘንግ የሚሠራበት ነገር በየዘመኑ ተለውጧል። ቀድሞ የባሕር ዘንግ ሂኮሪ ከሚባለው የአሜሪካ እንጨትና ከቀርከሃ ይሠራ ነበር። የቀርከሃው አሠራር ያስደንቃል፤ ከደቡብ ቻይና የሚመጣውን ቶንኪን የተባለ ቀርከሃ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅንጥብ አውጥተው፣ ጠንካራውን ቅርፊት ወደ ውጭ አድርገው በሙጫ ይገጥሙታል። የውጩ ሥር ነው ጭነት የሚሸከመው ያልነውን እነዚያ ባለ እጆች ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በኮርያ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከቻይና ጋራ መነገድን ስትከለክል ቀርከሃው ቀረ፤ ያን ጊዜ አዲስ የነበረው ፋይበር ግላስ ቦታውን ወሰደ። በ1970ዎቹ ደግሞ ካርቦን መጣ። ዛሬ በሱቅ የሚገኘው ወይ ፋይበር ግላስ፣ ወይ ካርቦን፣ ወይ የሁለቱ ቅልቅል ነው።

ዋናው ምርጫ እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ። ካርቦን ቀላል ነው፤ ውድም ነው፤ ግትርነቱ ከብርጭቆ ክር ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሻጮች ሁሉ እሱን የሚያሞግሱት በዚህ ነው። ዳሩ ግን ግትርነትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። የብርጭቆ ክር ሳይበጠስ ከመቶ አራት እጅ ያህል መለጠጥ ይችላል፤ የካርቦን ክር ግን ከመቶ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጅ ላይ ይበጠሳል። ይህም ማለት ፋይበር ግላስ አብዝቶ ይጎብጣል፤ ካርቦን ጥቂት ይጎብጥና በድንገት ይፈነዳል። በዚያ ላይ ካርቦን ጭረት አይወድም። ከጀልባው ብረት ጋር ተጋጭቶ ጥፍር የማታህል ጠባሳ ቢያገኝ፣ በዓይን የማይታየው ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ይቆይና በትልቁ ቀን ይገለጣል። በሐይቅ ዳር ቀኑን ሙሉ እየወረወረ ለሚውል ሰው የካርቦን ቅለት እውነተኛ ጥቅም ነው። ዘንጉ በቱቦ ውስጥ ቆሞ በሚጎተትበት የባሕር ሥራ ግን ቅለት ምን ያደርጋል? ክብደቱን የሚሸከመው ጀልባው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ዘንግ ብቻ ለሚበቃውና ዘንጉ ከብረትና ከበረዶ ሣጥን ጋር ሲጋጭ ለሚውልበት ሰው የኔ ፍርድ ፋይበር ግላስ ነው፤ ወይም አብዛኛው ብርጭቆ ኾኖ ጥቂት ካርቦን ያለበት። ዋጋውም ከንጹሕ ካርቦን ይረክሳል።

እንግዲህ የተሰበረው ዘንግ ምን ነበር? ወንድም ጋሼ የቀረውን እጀታ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ላከልኝ። ከፊዚክስ አስተማሪያችን ጋር አጉልተን ስናየው ዘንጉ ራሱ አልተሰበረም ለማለት ይቻላል። ፋይበር ግላሱ ማጠንጠኛው ከተቀመጠበት በታች አራት ጣት ያህል ወርዶ እዚያው አልቋል፤ ከዚያ በታች ያለው በስፖንጅ የተለበጠ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በውጭ ሲታይ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ይመስላል። አሁን ከላይ የሠራነውን ስሌት አስታውሱ፤ ትልቁ ጭነት የሚያርፈው በእጅና በወገብ መካከል ነው። ዘንጉ እጅግ መጠንከር በሚገባው ቦታ ላይ ፕላስቲክ ነበረ ማለት ነው። ፈረሰኛ ጦሩን ሰብቆ ሶማያው በሰም ተጣብቆ ቢገኝ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርቦን ነው ወይስ ብርጭቆ?» ሳይኾን «ዘንጉ እስከ ታች ይዘልቃል ወይ?» የሚለው መኾን አለበት ብዬ አምናለሁ። የሚነቀል እጀታ ያለውም ጥሩ ዘንግ አለ፤ ያን ጊዜ እጀታው ወፍራም የአሉሚኒየም ቱቦ ኾኖ በጥርስ ገብቶ በቀለበት የሚጠብቅ መኾን አለበት። በታችኛው ጫፍ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ይኖራል፤ ይህም በቀበቶው ላይ ካለው ብረት ጋር ተገጣጥሞ ዘንጉ በእጅ ውስጥ እንዳይዞር ይይዘዋል። ይህ የሌለው ዘንግ ለትልቅ ዓሣ አልተሠራም።

ቀጥሎ ልክ መምረጥ ነው። በዘንጉ ላይ የሚጻፈው 30፣ 50፣ 80፣ 130 የሚል ቁጥር የክሩን ልክ በፓውንድ የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር እነዚህን በኪሎ 15፣ 24፣ 37ና 60 ብሎ መድቧቸዋል። ቁጥሩ ክሩ የሚበጠስበት ኀይል እንጂ ዘንጉ የሚያነሣው ክብደት አይደለም። ፍሬኑ የሚጠብቀው ከክሩ ኀይል ሢሶ ላይ ወይም ከዚያ አነስ አድርጎ ነው፤ በባለ 24 ኪሎ ክር 8 ኪሎ ያህል መኾኑ ነው። ቀሪው ሁለት እጅ ለምን ይባክናል የሚል ይኖራል፤ አይባክንም። ዓሣው ክር ወስዶ የማጠንጠኛው ጥቅልል ሲቀጥን ፍሬኑ ሳይነካ ኀይሉ ይጨምራል፤ የጥቅልሉ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ክሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኀይል እጥፍ ይኾናል። በዚያ ላይ ረጅሙ ክር ራሱ በውኃ ውስጥ ሲጎተት የሚፈጥረው ጫና አለ። ስለዚህ ዘንግ፣ ክርና ማጠንጠኛ አንድ ልክ መኾን አለባቸው። ባለ 130 ዘንግ በባለ 30 ክር ቢያዝ ዘንጉ ሳይጎብጥ ክሩ ይበጠሳል፤ ባለ 30 ዘንግ በባለ 130 ክር ቢያዝ ደግሞ ክሩ ሳይበጠስ ዘንጉ ይሄዳል። ለነወንድሜ ባለ 50ውን መርጫለሁ። ለቱናና ለሴይልፊሽ በቂ ነው፤ ቆሞ ለሚታገል ሰውም ከዚያ በላይ ያለው ወገብ ይሰብራል። ማርሊን ቢመጣባቸው ጀልባውን ወደ ዓሣው መንዳት ነው ያለባቸው።

ስለ ቀለበቶቹ ባጭሩ ልናገር። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ውስጣቸው እንደ ሸክላ ባለ ጠንካራ ነገር የተለበጠና ትንንሽ መንኰራኵር ያላቸው። መንኰራኵር ያለው ሰበቃን ይቀንሳል፤ ለከባድ ክርም ይመረጣል። ነገር ግን ካልታጠበና ዘይት ካልጠጣ በጨው ይጣበቃል፤ የማይዞር መንኰራኵር ደግሞ ክሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ባለ 50ው ዘንግ በሸክላው ቀለበት ኾኖ ጫፉ ላይ ብቻ መንኰራኵር ቢኖረው ይበቃል። ቀለበቶቹ በበዙ ቁጥር ጭነቱ በዘንጉ ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል፤ ጥቂት ቀለበት ያለው ዘንግ ሲጎብጥ ክሩ በቀለበቶች መካከል ከዘንጉ ገላ ጋራ ይፋተጋል። የማጠንጠኛው መቀመጫ ከፕላስቲክ ሳይኾን ከአሉሚኒየም መኾን አለበት። እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ነገር አለ፤ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በጨው ውኃ ርሰው ሲነካኩ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አሉሚኒየሙም ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት እየኾነ ይበላል። «የማይዝግ» የሚለው ቃል አያታልል።

በሱቅ ውስጥ ሲገዙ የአያቴን ሥርዓት መከተል ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ዘንጉን ወደ ዓይን አስጠግቶ በቁመቱ ማየት፤ ቀለበቶቹ አንድ መሥመር መጠበቃቸውንና ዘንጉ አለመጣመሙን መመልከት። ከጫፍ እስከ እጀታ በጣት ዳስሶ አረፋ፣ ጭረት ወይም ሸካራ ቦታ መፈለግ። ቀለበት የታሰረበትን ክር በጥፍር ሞክሮ ሙጫው አለመሰንጠቁን ማረጋገጥ። ከዚያ ክር አስገብቶ ጓደኛ ጫፉን ይዞ ወደ ታች እንዲጎትት ማድረግ፤ ጉብጠቱ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ እጀታው የሚወርድ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥ የኾነ ቅስት መኾን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ክርን የመሰለ ስብራት ካሳየ እዚያ ቦታ ነው ወደ ፊት የሚሰበረው። ሻጩ ይህን መፈተን ከከለከለ ገንዘብን ወደ ኪስ መልሶ መውጣት ነው። ያገለገለ ዘንግ መግዛትም አይናቅም፤ አሥር ዓመት ሠርቶ ያልተሰበረ ፋይበር ግላስ ፈተናውን አልፏል፤ ቀለበቱ ይለወጥለታል። ያገለገለ ካርቦን ግን፣ ታሪኩን ከማያውቁት ሰው፣ እኔ አልመክርም።

የተገዛውም ዘንግ በአያያዝ ይሰበራል። ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲደርስ አጥማጆች ደስ ብሏቸው ዘንጉን ሽቅብ ቀጥ አድርገው ያነሡታል። ያን ጊዜ ጉብጠቱ ሁሉ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይሸሻል፤ ወፍራሙ ሥር ምንም አያግዘውም፤ ዘንግ የሚሰበረውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ዘንጉ ከአግድም መሥመር ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቆይ አድርጎ ወፍራሙን ክፍል ማሠራት ይገባል። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ዘንጉ በትግሉ መካከል ተሰብሮ ከተወሰነው ርዝመት ካነሰ ዓሣው ቢያዝም ለክብረ ወሰን አይቆጠርም። ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ዘንግን ወዲያው አውርዶ ማጋደም ነው፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በክረምት መብረቅ የሚያውቅ የወገራና የስሜን ሰው ይህን ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልገውም።

ከባሕር ሲመለሱ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣፋጭ ውኃ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ፣ የፀሐይ ሐሩር ሙጫውን ስለሚያደክመው ጀልባ ላይ አለመተው። ግድግዳ አስደግፎ ማቆምም ያጎብጠዋል፤ በሁለት ችካል ላይ በአግድም ቢሰቀል ይሻላል። በየሳምንቱ ደግሞ ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ጨብጦ ያስቀረዋል። ጥጥ የያዘ ቀለበት ሳይለወጥ ወደ ባሕር አይወጣም።